ባንክ ያልተሰየመላት ቀበሮ

የአገራችንን የዱር አራዊት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ዋልያን በቢራ ጠርሙስ ላይ አንገት ለአንገት ተናንቀነዋል፤ ኳስ ሜዳ ሲገባም ከነማሊያው ደግፈነው ከነማሊያው ተናደንበታል። አንበሳን ተማሪ ሳለን በሩ ላይ ተንጠልጥለን ሄደንበታል፤ ጫማውን ተጫምተናል፤ ዛሬ ደግሞ ባንክ ከፍቶ ብራችንን ይጠብቅልናል። ኒያላን፣ ይኸውም የደጋ አጋዘንን፣ ገሚሶቻችን አጭሰነዋል፤ መኪና ያላቸው ደግሞ ኢንሹራንስ ገብተውበታል። አስር ሳንቲም ላይም ምስሉ አለ። ችግሩ አስር ሳንቲም ራሱ ከአጋዘኑ ይልቅ ለመጥፋት የተቃረበ ፍጡር መሆኑ ነው። የታክሲ ረዳት እጅ ላይ ከታየ ስንት ዘመኑ!

ከዚህ ሁሉ ሹመት የተረሳችው ቀይ ቀበሮ ናት። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የላትም። ለአካለ መጠን የደረሱት ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም፤ ከእነዚያም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የባሌ ተራሮች ላይ ይኖራሉ። እንዲህ ያለች ብርቅ ሆና በስሟ የተከፈተ አንድ ባንክ የለም። ጥፋቱ የተረት ነው። እሳት ዳር ተቀምጠን ቀበሮ ይህን አታለለች፣ ያንን አጭበረበረች ሲባል እየሰማን አድገን፣ ማነው ደፍሮ ደሞዙን “ቀበሮ ባንክ አክሲዮን ማኅበር” የሚያስገባው? “ቀበሮ ኢንሹራንስ” ካሳ ይከፍለኛል ብሎ ተዝናንቶ የሚተኛስ ማን ነው? የባሌዋ ቀይ ቀበሮ የተረቷ ቀበሮ አለመሆኗን፣ ኑሮዋም በአይጥና በፍልፈል ላይ የተመሠረተ፣ ከማንም ዶሮ ጋር እምብዛም የማያነካካት መሆኑን የሚመሰክርላት ጠበቃ እስካሁን አላገኘችም።

እኔና የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ባሌ የሄድነው ግን ስሟን ለማደስ አልነበረም። ሃይኪንግ ስለመጣ ነው። በአሁኑ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቦርሳ አዝሎ አስፋልት ዳር የቆመ ወጣት ካያችሁ፣ ወይ ሃይኪንግ ሊሄድ ነው ወይ ከቤት ተባሮ ነው። ጉዞውን ያዘጋጁት የቢሮው ወጣቶች ናቸው። የንብረት ክፍል ኃላፊያችን ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸውና ማስታወቂያውን አንብበው ማብራሪያ ጠየቁ።

“ይሄ ሃይኪንግ የምትሉት ምንድን ነው?”

“ገጠር ወጥቶ በእግር መሄድ ነው ጋሼ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ መመለስ ነው።”

“ስንት ይከፍሉናል?”

“ኧረ እኛ ነን የምንከፍለው!”

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። “እንዲህ ከሆነማ እኔ ከቤታችን ትምህርት ቤት ለተመላለስኩበት ብዙ ውዝፍ አለብኝ” አሉ። ይህን ብለውም አልቀሩም፤ በቀጠሮው ቀን ጥቁር ካፖርታቸውን ደርበው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከሁላችንም ቀድመው ተገኙ።

መንገዱ በአዳማና በአሰላ ነው። በቆጂ ስንደርስ የደራርቱ፣ የቀነኒሳና የጥሩነሽ አገር ነው ተባለና ሁሉም በመስኮት ወጣ ብሎ አየር ሳበ። አየሩን ስቦ ሲጨርስ ብዙው ሰው አምስት ሺህ ሜትር ቢሮጥ የሚያቅተው አልመሰለውም። ዶዶላንና አዳባን አልፈን ማታ ዲንሾ ገባን፤ በፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ ባለው ማረፊያ አደርን። ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ነው። ወሩ ደግሞ ጥቅምት። “በጥቅምት አንድ አጥንት” ያለው ሰው ዲንሾ ያደረ መሆን አለበት።

ለሃይኪንግ የሚመጣ ሰው ልፋት ይፈልጋል። እንስሳው በብዙ ላብ፣ በብዙ ዳገት መገኘት አለበት፤ አለዚያ የቦርሳው፣ የዱላውና የጫማው ወጪ ትርጉም ያጣል። የደጋ አጋዘኑ ይህን የሚረዳ አልሆነም። ጠዋት አጫሹ ባልደረባችን ፓኮውን ይዞ በር ላይ ብቅ ሲል፣ ቀንዱ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ ወንድ አጋዘን ከጥዶቹ ሥር ቆሞ ያኝካል። ባልደረባችን ያልበራ ኒያላ ይዞ ከኒያላ ጋር ተፋጠጠ። አጋዘኑ ወደ ሰውየው አየ፤ ወደ ፓኮው አየ፤ የስሙን አጠቃቀም በተመለከተ ምንም ሳይናገር ማኘኩን ቀጠለ። ባልደረባችን ያን ጠዋት ሳያጨስ ተመለሰ። ሚስቱ ለዓመታት ያልቻለችውን አጋዘኑ በአንድ እይታ ቻለው አልን፤ ቁርስ ላይ ግን አጨሰ።

አስጎብኚያችን የዲንሾ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ዐይኑ የሌሎቻችንን ዐይኖች ደምሮ የሚበልጥ። ይህ አጋዘን ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባለው ደጋ እንጂ በየትም እንደሌለ፣ የፈረንጅ ሳይንስም ያወቀው እጅግ ዘግይቶ መሆኑን ነገረን። በ1908 እ.ኤ.አ. ቡክስተን የሚባል እንግሊዛዊ አዳኝ መትቶ ወሰደው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሊዴከር የተባለ ሊቅ በቡክስተን ስም ሳይንሳዊ ስም አወጣለት።

“የገደለው ሰው ስም ተሰጠው ማለት ነው?” አሉ ጋሼ።

“አዎ ጋሼ።”

“ለካ ሲጋራው ይሻላል።”

ከዚያ ወደ ጋይሳይ ሜዳ ወጣን። እዚያ ነው የእግር መንገዱ የተጀመረው፤ ወሬውም አብሮ ተጀመረ። እኛ አዲስ አበቤዎች በዝምታ መሄድን የምናውቀው ለቅሶ ቤት ስንገባ ነው፤ እሱንም ደጃፉ ላይ ብቻ። ገና ሜዳው ላይ ከመድረሳችን የቤት ኪራይ ተነሣ፤ ከቤት ኪራይ ወደ ዶላር፣ ከዶላር ወደ ዘይት፣ ከዘይት ወደ አዲሱ አለቃችን ተሻገርን። ቦሆሮቹ ከሣሩ ውስጥ ቀና ብለው ትንሽ አዳመጡን። የአለቃችን ጉዳይ ላይ ስንደርስ ነጭ ጭራቸውን አሳይተውን ሄዱ። አንዱ ወጣት ደግሞ ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎት ከቦርሳው ስፒከር አወጣ። አስጎብኚው ቀስ ብሎ ተጠጋውና ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡን ነገረው። ልጁ ደስ ብሎት አጨበጨበ። አስጎብኚው ስፒከሩን እያየ ዝም አለ። ዝም ብሎ ያይ ጀመር። ስፒከሩ ወደ ቦርሳው ተመለሰ።

በነገራችን ላይ ሜዳው ላይ ከብትም ፈረስም አለ። ሰው በአካባቢው ይኖራል፤ ከብቱም ሣር ይፈልጋል፤ የፓርኩ ትልቁ ራስ ምታት ይኸው ነው። ያን ቀን ግን በሐቅ ለመናገር ከብቶቹ ከእኛ ይልቅ ሥርዓት ነበራቸው።

ከርከሮዎች ግን አልሸሹንም። ከርከሮ ሲግጥ የፊት እግሮቹን አጥፎ ተንበርክኮ ነው። ጋሼ ቆመው ብዙ አዩትና፣ “መልኩ ነው እንጂ ምግባሩስ የደብተራ ነው” አሉ።

የአራዊት ጉብኝት ዋና ፈተና ያለው መራመዱ ላይ ሳይሆን ማየቱ ላይ ነው። አስጎብኚው ጣቱን ቀስሮ “እዚያ” ይላል። ሃያ አንገት ወደዚያ ይዞራል።

“የት?”

“ከቁጥቋጦው በስተግራ።”

“የትኛው ቁጥቋጦ?”

“ከትልቁ ድንጋይ አጠገብ ያለው።”

“ድንጋዩ የቱ ነው?”

እዚህ ላይ የሰው ልጅ ሁለት ምርጫ አለው። አራተኛ ጥያቄ ጠይቆ ዐይነ ስውር መባል፣ ወይም “አ…ሃ! አየሁት! ውይ ሲያምር!” ብሎ ከነክብሩ ማለፍ። ሁለተኛው ምርጫ ተላላፊ ነው። አንዱ አየሁ ካለ ጎረቤቱም ያያል፤ ባይኖኩላር የያዘውማ ግዴታው ስለሆነ ከሁሉ አስቀድሞ ያያል። የሒሳብ ክፍሉ ልጅ ባይኖኩላሩን ለማንም ሳያውስ፣ “ቀንዱን እዩት! የቀንዱን ርዝመት እዩት!” እያለ ሲያደንቅ አስጎብኚው በትሕትና ጣልቃ ገባ፦ “ይቅርታ፣ ሴት አጋዘኖች ናቸው። ሴቷ ቀንድ የላትም።” ልጁ ባይኖኩላሩን ወዲያውኑ አዋሰን።

ከምሳ በፊት በአውቶቡስ ሮቤንና ጎባን አልፈን ወደ ሳነቴ ወጣን። መንገዱ ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚወርደው ነው፤ ከመውረዱ በፊት ግን ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ወደሆነው አምባ ያወጣችኋል። አስታው እያጠረ ሄዶ ይቀራል፤ ጅብራዎቹ ብቻ እዚህም እዚያም ተገትረው ይታያሉ። ብርድ አለ፤ ፀሐይም አለች፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይመቷችኋል። ከሩቅ ቱሉ ዲምቱ ይታያል፤ 4 ሺህ 377 ሜትር፤ አናቱ ላይ የመገናኛ አንቴና ተተክሎበታል፤ መኪናም ይወጣዋል። ከመካከላችን አንዷ አዲስ አበባ ቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሳት ናት። “ሩቅ ነው” እያለች ስታማርር የኖረች ሴት ይህንን ቱሉ ዲምቱ ቆማ ብዙ አየችው። “የኔው ይሻላል” አለች በመጨረሻ። “ታክሲ እንደሆነ እዚያም እዚህም የለም።”

ከአውቶቡስ ወርደን መራመድ ስንጀምር አንድ ተአምር ሆነ። ዝም አልን።

ማንም አላዘዘንም፤ እስትንፋስ አጥረን ነው። በዚያ ከፍታ በአንድ ጊዜ የምትስቡት ኦክሲጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ቆማችሁ ከምትስቡት ስድሳ በመቶ ገደማ ነው። ይህን አስጎብኚው ሲናገር የሒሳብ ክፍሉ ልጅ አርባ በመቶው ጉድለት በማን ስም እንደተመዘገበ ሊጠይቅ ፈልጎ ነበር፤ ጥያቄውን የሚጨርስበት አየር አጣ። መጀመሪያ ሐሜት ቀረ። ቀጥሎ ፖለቲካ ቀረ። ከዚያ ግሶች ቀሩ፤ “ውሃ”፣ “ቁጭ”፣ “ቆይ” ብቻ ተረፉ። የበቆጂ አየር የሞላን ጀግኖች በየጅብራው ሥር ተቀመጥን። ጋሼ ግን ከዘራቸውን እየተከሉ፣ በለመዱት የገጠር እርምጃ፣ ሳይፈጥኑም ሳያርፉም ቀጠሉ። ውዝፋቸውን የሚከፍሉ ይመስሉ ነበር።

ዝም ስንል መሬቱ መንቀሳቀስ ጀመረ። ለካ አምባው በሙሉ ጉድጓድ ነው፤ በየጉድጓዱ አይጥ አለ፤ ትልልቁ ጉድጓድ ደግሞ ከባሌ በቀር በየትም የማይገኘው ግዙፉ ፍልፈል ቤት ነው። አንድ ኪሎ ሊደርስ ጥቂት የሚቀረው፣ ዐይኖቹ አናቱ አካባቢ የተተከሉ እንስሳ ነው። እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለው፤ ከጉድጓዱ ጭንቅላቱን ብቻ አውጥቶ ዙሪያውን ያለውን ሣር እየነጨ ይበላል፤ ሰማይና ምድሩን ከዚያው ሆኖ ይቃኛል፤ አካባቢው ሲራቆት ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል። አጠገቡ አንዲት ቡናማ ትንሽ ወፍ አትጠፋም። ፍልፈሉ አፈር ሲገፋ የሚወጡትን ነፍሳት ትለቅማለች፤ አደጋ ስታይ ትጮኻለች፤ እሱም ይሰወራል። ዘበኛ መሆኗ ነው። ደሞዟን በሰዓቱ የምታገኝ ዘበኛ በዚህ አገር ማየቴ አስደስቶኛል።

ቀበሮዋ የምትመጣው ለዚህ ፍልፈል ነው። ቀይ ቀበሮዎች በቤተሰብ ይኖራሉ፤ ጠዋትና ማታ ተሰብስበው ይሳሳማሉ፣ ክልላቸውን አብረው ይጠብቃሉ፤ እንጀራ ፍለጋ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይወጣል፤ ያውም በቀን። አስጎብኚው በእሳት ቀለም የሚያብብ አንድ ረጅም አበባ አሳይቶን፣ ቀበሮዎቹ የዚህን አበባ ማር ሲልሱ በተመራማሪዎች ታይተው በኅዳር 2017 ዓ.ም. ጥናቱ መታተሙን ነገረን። አንዷ ቀበሮ በአንድ ዙር እስከ ሠላሳ አበባ ድረስ ስትልስ ታይታለች፤ አፍንጫዋ በአበባው ብናኝ ተቀብቶ ስለሚቀር ከንቦች ጋር ሥራ ተሻማች ማለት ይቻላል።

“ረቡዕና ዓርብ ነው እንዴ የምትልሰው?” አሉ ጋሼ።

“ቀኑን አላጠኑም ጋሼ።”

“ያጥኑት። እንስሳ እየጾመ እኛ ክትፎ መብላታችን ደስ አይልም።”

ክትፎ ባይሆንም ጥብስ ነበረን። ምሳ ላይ ቡና የያዘው ፔርሙዝ አውቶቡስ ውስጥ ተረስቶ አንዱን ልከነው የቁራ መልእክተኛ ሆኖ ቀረ። እውነተኛው ቁራ ግን መጣ፤ መንቁሩ እንደ ፍልጥ የወፈረ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ጥፍጥፍ ያለበት፣ የአፍሪካ ቀንድ ደጋ ቁራ። ዳቦ ሰጡት፤ ናቀው። ጥብሱን ከሳህኑ ራሱ መርጦ አነሣ። ቀጥሎ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ የእረኛ ውሻ ብቅ አለና ከእኛ መሐል አንድ ደግ ሰው አጥንት ወረወረለት።

ቀኑን ሙሉ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ያልሰማነው አስጎብኚ ጮኸ። ውሻው ከነአጥንቱ ሸሸ፤ ሰውየውም ሊሸሽ ምንም አልቀረው። “የቀበሮ ጠላት ነብር አይደለም፣ ጅብ አይደለም” አለ ልጁ እየተንቀጠቀጠ። “ይሄ ነው!” የውሻ እብደት ከውሻ ወደ ቀበሮ ይሻገራል፤ ባሌ ላይ ደጋግሞ ገብቶ ከየቤተሰቡ አብዛኞቹን ጨርሷል። ሌላው የውሻ በሽታ፣ ዲስቴምፐር የሚባለው፣ ቀበሮዋ ዘንድ ሲደርስ እንዲሁ ነው። ለዚህ ነው የቀበሮ ጠባቂዎቹ በየመንደሩ እየዞሩ ውሻ የሚከትቡት። ቀበሮን ለማዳን ውሻ መውጋት! በሚቀጥለው ዙር ማስታወቂያ የምትጽፍ ባንክ ካለች ይህን ብታስብበት፣ ቢሯችን ያሉ ሰዎች በሙሉ ሒሳብ ይከፍቱላታል። አጥንቱን የወረወረው ባልደረባችንም “በጥቅምት አንድ አጥንት ብዬ እኮ ነው” አለ። ማንም አልሳቀለትም።

ከምሳ በኋላ ነፋሱ በረታ። ቀበሮ ለማየት ተስፋ ቆርጠን አንገታችንን ካፖርትና ጃኬት ውስጥ ቀብረን ተበታትነናል። ጋሼ፣ “መጣሁ” ብለው ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ዞሩ። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው በዚያ ብርድ ከድንጋይ ጀርባ የሚዞርበትን ጉዳይ መጠየቅ ነውር ነው፤ ፊታችንን መለስን።

ቆዩ። ትንሽ ስጋት ገባን። ዞር ስንል ጋሼ ከድንጋዩ ወዲያ ቆመዋል፤ ካፖርታቸው ተገልቧል፤ ሁለት እጃቸው ቀበቷቸው ላይ ነው፤ አይነቃነቁም። ከእሳቸው ፊት፣ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ እግሮቿ የረዘሙ፣ ጸጉሯ የሻይ ቀለም ያለው፣ ጉሮሮዋ ነጭ ቀበሮ አንድ ጉድጓድ አፍ ላይ አፍጥጣ ቆማለች። እሷም አትነቃነቅም። ሁለቱም የጀመሩትን ጉዳይ ሳይጨርሱ በዚያ ሁኔታ ቆዩ። ከመሐላችን የሚናገር አልነበረም፤ ቢኖርም አየር አልነበረውም።

ስልኮች ወጡ። ቀበሮዋ አንድ እግሯን አነሣች፤ አወረደች። ጋሼ ሱሪያቸውን እንደያዙ ጠበቁ። ወፊቱ ጮኸች። ቀበሮዋ ዘለለች፤ አፈር ተበተነ፤ ባዶ አፏን ይዛ ቀና አለች፤ ያን ጊዜ ነው ጋሼን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየቻቸው። ከእግር እስከ ራሳቸው ቃኘቻቸውና፣ እንደ መንገደኛ፣ ሳትሮጥ በአጠገባቸው አልፋ ሄደች።

ጋሼ ቀበቷቸውን አጥብቀው ተመለሱ። “አላገኘችም” አሉ አዝነው። “እኔ ባልመጣ ኖሮ ታገኝ ነበር መሰለኝ።”

“ጋሼ፣ ሌላው ሰው ዓመት ጠብቆ አያያትም እኮ!”

“እኔ ምን አየሁ? ሁለታችንም ሥራ ላይ ነበርን።”

ማታ ጎባ ሆቴል ውስጥ የቀኑ ፎቶ ሁሉ ተሰብስቦ ታየ። የሃያ ሰው ስልክ ሙሉ አንድ ዓይነት ፎቶ ነው፦ በግራ በኩል የጋሼ ጀርባ፣ የተገለበ ካፖርትና ዝቅ ያለ የሱሪ ወገብ፤ በቀኝ በኩል፣ ከካፖርታቸው ጫፍ ጋር ተያይዛ፣ የዓለማችን ብርቅ ቀበሮ። የማኅበራዊ ገጻችን ኃላፊ የሆነችው ልጅ የተሻለውን መርጣ ለቢሮው ቴሌግራም ልትልክ ስትል ጋሼ ደረሱባት።

“የኔ ልጅ፣ እስቲ እኔን ቁረጪኝና ቀበሮዋን ብቻ ላኪ።”

“አይሆንም ጋሼ። እርስዎን ስቆርጥ ጭራዋ አብሮ ይቆረጣል።”

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን አስጠግተው ብዙ አዩ።

“ጭራዋንማ አትንኪባት፤ ላኪው” አሉ። “የኔን ጀርባ እንደሆነ ቢሮው ሙሉ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያየዋል።”